የእህቴ የሌሲኤሊ አሥራ አምስት ኪሎ

አርብ፣ ሜይ 14 ቀን 2010። በካርዱ ላይ የመጨረሻው መስመር ይህ ነው። ክብደት 106 ኪሎ፣ የደም ስኳር 7.1። «ቁርጭምጭሚት» በሚለው ዓምድ ሥር አንድ ፊደል ብቻ ተጽፏል፤ ቃሉ አልተጨረሰም። ከፊደሉ ቀጥሎ ስክሪብቶው ተንሸራቶ ያሰመረው ቀጭን ጭረት አለ። የጻፈችው ሰው እጇን በድንገት እንዳነሳች ያስታውቃል።

ካርዱ የእህቴ የሌሲኤሊ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ እሑድ ሜይ 23፣ ሁለተኛው የጸሎት ደወል እየተደወለ ሞተች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነበር። እኔ ታናሽ ወንድሟ ኢኖኬ ነኝ። ካርዱ የሚቀመጥበት፣ ቶንጋ ደሴት ላይ ያለው የመንደራችን ክሊኒክ መዝገብ ያዥም እኔው ነኝ። ባሕር ተሻግሬ ሱቫ ከተማ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ሥራ ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ካርድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። የእሷም አልጠፋብኝም። ከማርች እስከ ሜይ ካርዷ በእጄ ሲያልፍ ገልብጬ ሳላየው ቀረሁ እንጂ።

እናታችን የሞተችው እኔ ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው። ሌሲኤሊ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጎደሬ አላምጣ ታጎርሰኝ ነበር ይላሉ። ትምህርት ቤት ስትሄድ አዝላኝ ትሄድና መስኮቱ ሥር ታስቀምጠኛለች፤ ሳለቅስ በመስኮት ብቅ ብላ ታፈጥብኛለች፤ ዝም እላለሁ። ይህን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው ትከሻዋ የኮኮናት ዘይት ይሸት እንደነበር ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ እንደ ማንኛውም ወንድ ልጅ ከቤት ወጥቼ ከአጎቴ ልጆች ጋር በጓሮ ጎጆ ማደር ጀመርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔና እሷ በአንድ ጣራ ሥር አልተቀመጥንም። ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ እንደዚያ ነው። እሷ ባለችበት አልቀልድም፤ ስለ ገላዋ፣ ስለ ልብሷ፣ ስለ ሕመሟ እኔ ባለሁበት አይነሳም፤ እሷ ከተቀመጠችበት ክፍል ደጃፍ ስደርስ እመለሳለሁ። ኩርፊያ አይደለም። እህት ከወንድሟ በላይ ናት። ከእርሻዬ ሥራሥር ትልቁ ቦዬ የሷ ነው፤ ልጄ ስትዳር ከሁሉ ከፍ ብላ የምትቀመጠው እሷ ናት። የምትፈልገውን በባለቤቴ በሄቫኒ ትልክብኛለች፤ እኔም መልሱን በሄቫኒ እሰዳለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ጎደለን ያልነው ነገር አልነበረም።

ባሏ ኦክላንድ ፋብሪካ ልሥራ ብሎ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። ልጅ አልወለደችም። የእኔን አምስቱን ግን እንደ ራሷ ነበር የምታዛቸው። ሄቫኒ የመጀመሪያዋን ልጃችንን ስትገላገል ሌሲኤሊ ሕፃኗን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣችና ለመንደሩ ሁሉ «ሄቫኒ አማጠች፣ እኔ ወለድኩ!» አለች። ሄቫኒ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ትስቃለች። አሁን ሳቁ መሐል ላይ ይቆማል።

ሥራዋ የልጥ ጨርቅ ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ረጅም ግንድ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የዛፍ ልጥ እየቀጠቀጡ ያሰፉታል፤ ለሠርግና ለቀብር የሚነጠፈው ጨርቅ ከዚያ ይወጣል። የእነሱ መሪ እሷ ነበረች። መሪዋ የምትታወቀው በመቀጥቀጫዋ ነው፤ ሌሎቹ የሷን ምት ይከተላሉ። ቢሮዬ ተቀምጬ የሷን ምት ከአሥራ ሁለቱ መሐል እለይ ነበር።

ስኳር የተገኘባት በ2007 ነው። ያን ጊዜ 112 ኪሎ ነበረች። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 91 ወረደች። ቁጥሩን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ መክሳቷን ግን ለማየት ካርድ አያስፈልግም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንደ አገራችን ደንብ ከቀሚሷ በላይ ወገቧ ላይ የምትታጠቀው ሰሌን ሁለት ጊዜ ይዞራት ጀመር። እኛ ዘንድ የከሳች ሴት ወገን የሌላት ሴት ናት። ግንዱ ላይ ሆነው ሴቶቹ ነገር ለቀቁባት።

«ሌሲኤሊ፣ የወንድምሽ እርሻ ጠፍ ሆነ እንዴ?»

«ወንድሜ የሚያርሰው ወረቀት ነው» አለቻቸው። «ዘንድሮ ወረቀቱ አልበቀለም።»

ሄቫኒ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቦዬና ጎደሬ ተከልኩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አንድ ቅርጫት ሙሉ ወደ ቤቷ ይሄድ ነበር።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ በየሦስት ወሩ ከዋና ከተማው የምትመጣው ሐኪማችን ዶክተር ላቪኒያ አዲስ የስኳር ኪኒን ይዛ መጣች። ሥራውን እንድንረዳው እኔንና ነርስ ፉሲን አስቀምጣ አስረዳችን። ፉሲ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ሰው የምትመዝነውና ካርድ ላይ የምትጽፈው ናት፤ ልበ ቀና፣ ወሬ የምትወድ፣ እጀ ፈጣን።

«ስብ ማገዶ ብቻ አይደለም» አለች ዶክተር ላቪኒያ። «መልእክተኛም ነው። ኢንሱሊን የህዋሱን በር ከውጭ ያንኳኳል። ስብ ግን የህዋሱ ግድግዳ ራሱ ከስብ የተሠራ ስለሆነ ሳያንኳኳ ይገባል። ገብቶ እስከ አስኳሉ ይዘልቃል። እዚያ የሚጠብቀው ተቀባይ አለ።»

«ተቀባዩ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«የእርስዎን ሥራ ነዋ፣ አቶ ኢኖኬ። መዝገብ ቤት ቁጭ ብሏል። የሰውነት ትእዛዝ ሁሉ የተጻፈው እዚያ ነው፤ ግን ሁሉም ፋይል ባንድ ጊዜ አይነበብም። የስቧ ቅንጣት ጉያው ስትገባለት ይነቃና ‹ይሄ ይነበብ፣ ያ ይዘጋ› ይላል።»

ፉሲ ሳቀች። «የኛዎቹ ተቀባዮች እንቅልፋሞች ናቸዋ!»

«እንቅልፋም አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለች ዶክተሯ። እንዲህ ያሉ ተቀባዮች ብዙ ዓይነት እንደሆኑ ነገረችን። ጉበት ውስጥ ያለው፣ ሰው ሲጾም፣ ስብ የሚቃጠልበትን ፋይል ያስነብባል። የስብ ህዋስ ውስጥ ያለው ደግሞ ከደም ውስጥ ስቡንና ስኳሩን ተቀብሎ በቦታው የሚያኖረውን ፋይል ይከፍታል። ይህኛው ሥራውን ካልሠራ ስቡ የማይገባው ቦታ ይሄዳል፤ ጉበት ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ። ስብ የሞላው ጡንቻ የኢንሱሊንን ማንኳኳት አይሰማም፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ኪኒን የተሠራው በዚያ ተቀባይ ጉያ ልክ ነው። ገብቶ ይቀሰቅሰዋል። ስኳር ይወርዳል፤ ሰውየው ከቆዳው ሥር ጥቂት ይወፍራል።

ፉሲ አጨበጨበች። «ስኳር የሚያወርድ፣ ሰው የሚያወፍር! ይሄ መድኃኒት ቶንጋ ነው የተሠራው!»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «ያው ተቀባይ ኩላሊት ውስጥም አለ። እዚያ የሚያስነብበው ፋይል ሌላ ነው፤ ‹ጨው አትልቀቅ› የሚል። ጨው ሲቀር ውሃ ይቀራል። ልቡ የደከመ ሰው ያን ውሃ መግፋት አይችልም። ውፍረት በወራት ነው የሚመጣው፤ ውሃ በሳምንታት። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣት ተጫኑት። ጣታችሁን ስታነሡ ጉድጓዱ ከቀረ ውሃ ነው። በሁለት ሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ የጨመረ ሰው ካለ በዚያው ቀን ደውሉልኝ።»

ኪኒኑ ለአሥራ አንድ ሰው ታዘዘ። በአሥራ አንዱም ካርድ ላይ በማስመሪያ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ ስሙን «ቁርጭምጭሚት» አልኩት። በየአርቡ ሥራው ሲያልቅ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያየሁ የጎደለውን ወይም የበዛውን በቀይ እርሳስ እከብባለሁ። አንደኛው ካርድ የእህቴ ነበር። ስሟ ላይ ስደርስ ካርዱን በግንባሩ ደፍቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ «ይቺን አንቺ እያት» ብዬ ለፉሲ እሰጣታለሁ። ፉሲም እሺ ትላለች። ማንም ወንድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ባላደርገው ኖሮ ፉሲ ለመንደሩ ታወራብኝ ነበር። በዚህ ዓይነት አሥር ካርድ አየሁ።

ቀዩ እርሳስ ሠርቷል። የአውቶቡስ ሹፌሩ ሲኦሳያ ማርች 19 ላይ አራት ኪሎ ጨምሮ ተገኘ፤ ከበብኩት፤ ዶክተሯ ኪኒኑን አስቆመችው። አሁንም አውቶቡሱን ይነዳል። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር ሆዱን እየደባበሰ «አንተ ሌባ፣ አራት ኪሎዬን መልስ!» ይለኝ ነበር። ከሜይ በኋላ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሲያየኝ ፍጥነቱን ይቀንስና ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

ሌሲኤሊ ኪኒኑን የጀመረችው ማርች 5 ነው። በኤፕሪል መሐል ፊቷ ሞላ። ሰሌኑ አንድ ዙር ብቻ ይበቃት ጀመር።

«አሁን ሰው መሰልሽ!» አሏት ግንዱ ላይ።

«ወንድሜ አረሰ፣ እኔ በቀልኩ» አለቻቸው።

እኔ ፊት ማንም ስሟን አያነሳም። ማታ ማታ ወንዶቹ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ሲጠጡ ግን አንዱ ሽማግሌ ጽዋውን ሲያቀብለኝ «የእርሻህ ነገር ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ታየ» አለኝ። አቀረቀርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ዶክተር ላቪኒያ የነገረችን ሁሉ በቃሌ ነበር፤ ውፍረት በወራት፣ ውሃ በሳምንታት። ግን አልቆጠርኩም። ውዳሴው የእኔ ስለነበረ አመንኩት።

በዚያው ሰሞን መቀጥቀጫዋ መዘግየት ጀምሮ ነበር። እኔ ቢሮዬ ሆኜ ሰማሁት፤ አዲስ ሴት መሪ እያለማመዱ መሰለኝ። ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ መተኛት ጀምራ ነበር። ስትጋደም ትንፋሽ ያጥራታል። ሄቫኒ አይታ «ምነው?» ብትላት፣ «ንግሥት ተቀምጣ ነው የምትተኛው» አለቻት። ሄቫኒ ይህን አልነገረችኝም። ለወንድም የሚነገር ነገር አልነበረም።

ክሊኒካችን አንድ ክፍል ነው፤ መዝገብ ቤቱን ከመመርመሪያው የሚለየው ጣራ የማይደርስ ኮምፔንሳቶ ነው። ስለዚህ እሷ ስትመጣ እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ እቆማለሁ። ድሮ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ የፌብሩዋሪው አውሎ ነፋስ ጣለው። ፀሐይ ላይ ነው የምቆመው። በመስኮቱ ክፍተት ታየኛለች።

ሜይ 19፣ ረቡዕ፣ ዶክተር ላቪኒያ ከከተማ ደወለች። ኪኒኑ የታዘዘላቸውን ሰዎች ሁሉ የክብደት ዝርዝር በዚያው ቀን ፈለገች። ፉሲ ሌላ መንደር ቀብር ሄዳለች። ዝርዝሩ ደግሞ አሥራ አንድ ሰው መሆን አለበት። ጎዶሎ ዝርዝር ልኬ አላውቅም።

የእህቴን ካርድ ገለበጥኩት።

ማርች 5፣ 91። ማርች 19፣ 92 ተኩል። ኤፕሪል 2 ስቅለት ስለሆነ ክሊኒኩ ዝግ ነበር። ኤፕሪል 16፣ 97። ኤፕሪል 30፣ 101። ሜይ 14፣ 106። ቁርጭምጭሚት በሚለው ዓምድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ባዶ፤ መጨረሻ ላይ ያ አንድ ፊደል።

ቁጥሮቹን በስልክ አነበብኩላት። የአንዲት ሴት ናቸው ከማለት በቀር የማን እንደሆኑ አልተናገርኩም።

«ዛሬውኑ ኪኒኑን ያቁሙ» አለች። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ያምጧት።»

«እህቴ ናት።»

ዶክተሯም የኛው ሰው ናት። «በባለቤትዎ ይላኩ» አለች። «ግን ዛሬ፣ አቶ ኢኖኬ። ዛሬ ነው የምልዎት።»

ሄቫኒን ላክኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ‹ማቅጠኔን የሚፈልግ ምቀኛ ማነው?› አለችኝ። ከዚያ ‹ፉሲ ቀብር አይደለችም እንዴ? ካርዴን ማን አየው?› አለች።»

«አንቺስ?»

«ምን ልበል? ዝም አልኩ። ገባት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ኪኒኑን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።» ሄቫኒ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሆስፒታል አልሄድም ብላለች። በአንተ መኪና ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ መንዳት አልችል።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ራሴ ሄድኩ። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ እሷ ብቻዋን ወዳለችበት ቤት ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩ ላይ አልደረስኩም። ጀርባዬን ለሳንቃው ግድግዳ ሰጥቼ ቆምኩ።

«እትዬ።»

«ማነው?»

«ኢኖኬ ነኝ።»

«ኢኖኬ? ሄቫኒ ሞተች እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ናት።»

«ታዲያ አፍ የላትም?»

«እትዬ፣ እግርዎ...»

ተናገርኩት። ውስጥ ሰሌን ሲጎተት ተሰማኝ፤ በግድግዳ ተከልዬ የማላየውን እግሯን እየሸፈነች ነበር።

«ያበጠው ስብ አይደለም» አልኩ፤ ከጀመርኩ አልቆምኩም። «ውሃ ነው። ኪኒኑ ነው ያመጣው። ልብዎ ሊገፋው አልቻለም፤ ለዚህ ነው ሲጋደሙ ትንፋሽ የሚያጥርዎት። መኪናው ደጅ ነው። እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ፤ እኔ አልዞርም። ካልፈለጉ ሲኦሳያ ይንዳው፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ሆስፒታሉን አላየውም። እትዬ፣ እባክዎ።»

ትንፋሿ በሳንቃው መሐል ይሰማኝ ነበር፤ አጭር አጭር፣ እንደ ሯጭ።

«ታዲያ የቦዬህ ሥራ አይደለም ማለት ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «አይደለም» አልኩ።

«ሴቶቹ ፊት ስንት ጊዜ ኮራሁብህ። ሰው ሁሉ አየኝ እኮ ኢኖኬ። ሰው ሁሉ አየኝ።»

መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ጎረቤቶች ከየደጃፋቸው ቆመው ያዩኝ ጀመር፤ አንዲት ሴት ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገባች። «እትዬ፣ ይምቱኝ፣ ይርገሙኝ፣ ብቻ ይነሡ።»

«እየተሰማህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አታዋርደኝ። ሰኞ በሲኦሳያ አውቶቡስ ብቻዬን እሄዳለሁ። አሁን ወደ ቤትህ ግባ፤ ፀሐዩ ከባድ ነው።»

አሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ከግቢዋ ወጣሁ። በሩ መቀርቀሪያ እንኳ አልነበረውም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ እኔ ደግሞ ወጣሁ።

አርብ ጠዋት ፉሲ ከቀብር ተመለሰች። ካርዱን ፊቷ አስቀመጥኩት፤ ዓምዱ ላይ ጣቴን ጫንኩ። ብዙ አየችው።

«አልጫንሽውም» አልኳት።

«ልብሷን ከፍ አታደርግማ!» ማልቀስ ጀመረች። «በገባች ቁጥር በመስኮት ታይሃለች። ‹ቶሎ በይ ፉሲ፣ ወንድሜ ፀሐይ ላይ ቆሟል› ትለኛለች። ‹መዝኚኝና ልውጣለት።› ምን ልበላት ኢኖኬ? እውነትም ፀሐይ ላይ ቆመሃል። ባለፈው ግን ‹ዛሬስ ሳላይ አልለቅሽም› ብዬ የቀሚሷን ጠርዝ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። አብጧል። ልጽፍ ጀመርኩ። ‹ተይው፣ ላቡን እየጠረገ ነው› ብላ እጄን ያዘችኝ። ቀሚሷን ለቀቀችና ወጣች። እኔም ስብ ነው ብዬ ነው። አማረባት ብዬ ነው።»

ለአንድ ሰው ጥላ የሚሆን ቆርቆሮ መዝገብ ቤቱ ጀርባ ተደግፎ ነበር። እዚያ መቆም አስቤ አላውቅም።

ዶክተር ላቪኒያን በስልክ አገኘናት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከነበረው የሚያሸና ኪኒን እንድንሰጣት ነገረችን፤ ይህ ግን ሆስፒታል እስክትመጣ ብቻ መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋገመች። በኋላ ጠይቄያታለሁ። ሐሙስ መጥታ ቢሆን ትድን ነበር ወይ አልኳት። አላውቅም አለችኝ። ረቡዕስ? ምናልባት። ኤፕሪል 16ስ? እዚያ ላይ አላመነታችም፤ ያን ጊዜ ኪኒኑን ማቆም ብቻ ይበቃ ነበር አለች። ይህን መልስ በካርዱ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ከነቀኑ።

ፉሲ ኪኒኑን አርብ እኩለ ቀን ወስዳ አጠገቧ ቁማ አስዋጠቻት። ሌሲኤሊ ከዚያ ወዲያ ወደ ጓሮ ስትመላለስ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋ እግሯ ገባ። ሄቫኒ ሄዳ ስታያት ፈገግ ብላ አገኘቻት።

«ለወንድሜ ንገሪው» አለቻት። «ሰኞ ማለቴ አልቀረም። ደግሞ ቅርጫቱን አታቋርጥ በይው፤ ውሃም ቢሆን ስሙ የሱ ነው።»

ሄቫኒ ይህን ይዛልኝ ስትመጣ ሮጬ ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ እንደሌለ፣ እሑድ ደግሞ አገሩ ሁሉ ዝግ እንደሆነ ታውቃለች። «በፍጹም እንዳትደክም» አለችኝ። «ከአልጋ እንዳትወርድ።» መልእክቱን በሄቫኒ መልሼ ላክሁ። ሄቫኒ ስትደርስ ቤቱ ባዶ ነበር።

ሌሲኤሊ ከመንገዱ ማዶ ከምትኖረው ከመበለቷ ከሴላ ለፋሲካ ድግስ ትልቁን ድስት ተውሳ ነበር። ለእሑድ ምግብ ሴላ ድስቷን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ያን ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ተቀምጣ በአሸዋ ፈትጋ አጠበችው። ከዚያ አቅፋው ወጣች። ከቤቷ እስከ ሴላ ደጃፍ እኔ ለክቼዋለሁ፤ መቶ ሰባ አራት እርምጃ ነው። ሴላ በረንዳዋ ላይ ሆና ስትመጣ አይታታለች። ድስቱን ሦስት ጊዜ መሬት አስቀመጠችው፤ በሦስተኛው ላይ ዐረፍ ብላ እላዩ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ!» ብላ ጮኸችባት ሴላ። «ልጅ ልላክልሽ እንዴ? ድስቱ እኮ አይሸሽም!»

«ድስትሽን ዙፋን አደረግሁት፤ ኪራይ ትጠይቂኛለሽ» አለቻት ሌሲኤሊ።

ተነሥታ ቀሪውን መንገድ ጨረሰች። ድስቱን በረንዳው ላይ አኖረችው፤ በብብቷ ይዛው የነበረውን ክዳን አውጥታ ገጠመችው፤ አንድ ጊዜ አዙራ መግጠሙን አየች። «አመሰግናለሁ፤ ቆየብሽ» አለች። ሴላ ተቀመጪ ብትላት፣ ለነገ የማበስለው ጎደሬ አለ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ነገው እሑድ፣ ሜይ 23 ነበር።